ሰው የሚጠፋበት ሰፈር

ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ዴቪያንት አርት የተባለ ድረ ገጽ የገባሁት ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ የጓደኛዬ፣ ኢንተርኔቱ የካፌው፣ መሳያዬ ደግሞ ማውስ ነበር። አሁን ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነኝ። ታብሌቱም ብዕሩም የራሴ ሆኗል። በሕይወቴ ይህን ያህል የቆየሁበት ማኅበር የለም። እድር እንኳ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታው በፈረንጆቹ 2000 ሎስ አንጀለስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የራሱ ወግ አለው። ለምሳሌ አባላቱ እርስ በርስ ላማ ይሰጣጣሉ። አዎ፣ እንስሳውን፤ በትንሽ ምልክት መልክ። እናቴ አይታው «ግመል ነው በግ?» አለችኝ። ውድድር ሲኖር ደግሞ ማብቂያው በእነሱ እኩለ ሌሊት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። እነሱ እንቅልፍ እያዳፋቸው ሲልኩ፣ እኔ ቁርሴን በልቼ ቡናዬን ጠጥቼ እልካለሁ። መብራት ካለ ነው ታዲያ።

መጀመሪያ ሰሞን የምስላቸው ፊቶች ዓይናቸው ትልልቅ ስለነበር ሁሉም ከጃፓን ካርቱን የቀዳሁት መስሎት ነበር። እኔ ግን ያመጣሁት ከዘጌ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ነው። እዚያ ቅዱሳኑ ሙሉ ፊታቸው ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ስጽፍላቸው ብዙዎቹ «ያምራል» ብለው አለፉ። «ያምራል» የሚል ሰው እዚያ ሞልቷል። ምንም አይጠቅምም።

የጠቀመኝ አንድ ብራዚላዊ ነው። ትክክለኛ ስሙን አላውቅም፤ እዚያ የሚጠራው በወፍ ስም ነው። አያመሰግንም። «የግራ ትከሻዋ የት ሄደ?» ብሎ ይጽፍና ይሄዳል። ሥዕሉን በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ገልብጦ ማየትንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ክሪታ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ኤም የምትለዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ዓይን ለረጅም ሰዓት ያየውን ነገር ይለምደዋል። ሲገለበጥበት ግን አገጩ መጣመሙ፣ አንዱ ዓይን ዝቅ ማለቱ ወዲያው ያፈጥበታል።

እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ እየሳልኳት ነበር። አለላው እንዲለሰልስ ውሃ ውስጥ ተነክሯል፤ ወስፌው በቀኝ እጇ ነው። ኤምን ስጫን ከኋላዬ ቆማ ኖሮ «ኧረግ! ግራኝ አደረግሽኝ እኮ!» አለች። ቀጥላም በግራ እጅ የተሰፋ ሰፌድ ዙሩም በተቃራኒው እንደሚሄድ በጣቷ እያዞረች አሳየችኝ። ይህን ለወፉ ሰውዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ሳሳየው «እናትሽ ምን አሉ?» ይለኛል።

እዚያ ታዲያ ሰው ይጠፋል። ፈረስ ብቻ የምትስል አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሳምንት አያልፋትም። አንድ ቀን ቆመች። የመጨረሻ ፈረሷ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እኛ ጋ ሰው ከእድር ሁለቴ ቢቀር ታሞ ነው፣ መንገድ ሄዶ ነው ተብሎ ቤቱ ይኬዳል። እዚያ ግን ማንን ይዘው ይጠይቃሉ? ልቅሶ ልድረስ ቢባልስ የት?

ተቆጥተው የወጡም አሉ። በፈረንጆቹ 2017 ዊክስ የተባለ ኩባንያ ቦታውን በ36 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛው አንዳንድ ነባሮች አጉረመረሙ። በ2022 ደግሞ ድሪምአፕ የሚባል ሥዕል ሠሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መጣ። መጀመሪያ ላይ ሥራው ለማሽን ማሠልጠኛ እንዲውል የማይፈልግ ሰው ራሱ ማመልከት ነበረበት። ጩኸቱ ሲበረታ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሥራዎች ሁሉ ከጅምሩ «አይፈቀድም» የሚል ምልክት ተደረገባቸው። የሄዱት ግን አልተመለሱም። አልፈርድባቸውም።

እኔ የጠፋሁት ተቆጥቼ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራቱ በላይ በላዩ ተደራረበ። ሥዕሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይከማቻል፤ የሚያየው ግን እናቴና ጎረቤት ብቻ።

ስመለስ የማሳወቂያው ብዛት ለጉድ ነው። አብዛኛው የሌሎች አዳዲስ ሥራ ነው። እኔን የጠየቁኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ «ዜና ሰማሁ፤ ደህና ነሽ?» ብላለች። የወፉ ሰውዬ የጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የእናትሽ እጅ አላለቀም።»

ደስ ያሰኘኝ የእሱ ነው። «ደህና ነሽ?»ን ጎረቤትም ይለኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ያ እጅ ጅምር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ከቤታችን ውጭ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጠፉትን ሰዎች የመጨረሻ ሥራ እየፈለግሁ ስለ ሥዕሉ መጠየቅ ጀመርኩ። የት ሄዳችሁ አልልም። ይህን ሰማያዊ እንዴት አገኘኸው፣ ኮርቻው ለምን ባዶ ሆነ፣ እንዲህ እንዲህ። አንዱ መለሰልኝ። ሰማያዊውን ከድሮ ፎቶ ነው የወሰደው። አሁን ልጆች እያሳደገ ስለሆነ አይስልም። የፈረሷ ሴትዮ አልመለሰችም።

የእናቴን እጅ ጨርሼ ላክሁት። የወፉ ሰውዬ አውራ ጣቱ ረዝሟል አለ። እናቴ ደግሞ አልረዘመም፣ የሰፊ እጅ እንዲህ ነው ብላ እጇን ከስክሪኑ ጎን ዘረጋችው። አላሳጠርኩትም።