ገና በበረዶ ላይ

ልጆቼ ተወልደው ያደጉት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለነሱ ገና ማለት ዲሴምበር 25 ነበር። በኛ ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው፤ ጾም ላይ ነን። ጓደኞቻቸው ስጦታ ሲከፍቱ እኛ ቤት ሽሮ ይንተከተካል። አንድ ቀን ልጄ «የኛ ገና ምን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዶሮ ወጥ» አልኳት። እሷ ደግሞ ዶሮ ወጥ ያቃጥላታል!

በኛ አቆጣጠር በ2016 የኛ ገና እሑድ ዋለ። እንግዲህ ሥራ የለ፣ ትምህርት የለ፣ ሁሉንም አደርጋለሁ ብዬ ተነሳሁ። የሌሊት ቅዳሴ፣ ዶሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቡና። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ተኙ፤ ቤት መጥተውም ተኙ። ድፎው ከሥሩ አረረ። እነሱ ሲነሱ እኔ ሶፋው ላይ ወድቄያለሁ። ታብሌታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ምን ያድርጉ? ሥራውን ሁሉ ለራሴ ይዤ ለነሱ የተውኩላቸው መብላቱን ብቻ ነው።

ማታ እናቴ ጋ ደውዬ አማረርኩ። «ዱላ አልሰጠሻቸውማ!» አለች። «አባትሽ ገና ሲጫወት ጥርሱን ያወለቀውን ረሳሽው?»

እውነትም ረስቼዋለሁ። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ሜዳ ሙሉ ጩኸት።

እዚህ ከፓርክ ዛፍ ቆርጦ ዱላ ማውጣት አይሞከርም። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አራት የፕላስቲክ የሆኪ ዱላ ገዛሁ። ባለቤቴ «ይሄማ ገና አይደለም» ብሎ አፌዘብኝ። ሩሩን ልጆቹ ከአሮጌ ካልሲ ራሳቸው ሰፉት። ከሁሉም የያዘላቸው ይሄ ነው። መርፌው ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን ፈልገናል። ዶሮውን ደግሞ ብልሃት አገኘሁለት። ቁሌቱን በዘይት አብስዬ ከሳምንት በፊት ፍሪዘር ከተትኩ። ለዋዜማው ቅቤውና ዶሮው ብቻ ቀሩኝ።

የ2017 ገና ማክሰኞ ነበር። ትምህርት ቤት እንዴት አስቀራቸዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ ለዋዜማው በረዶ ወረደና ትምህርት ቤቶች ሰኞም ማክሰኞም ተዘጉ። ከቅዳሴ መልስ እንቅልፋችንን ጠግበን፣ ከካፖርታችን ላይ ነጠላ ደርበን ወደ ጓሮ ወጣን። ሁለት ለሁለት። ሩሩ በረዶው ውስጥ ይሰወራል፤ ቆፍረን እናወጣዋለን። ሴት ልጄ ያባቷን ቅልጥም በዱላ አቀመሰችው። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ አያቷ በስልክ ያስጠናቻትን በተሰባበረ አማርኛ ለቀቀችበት፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ያ ሰው እግሩን ይዞ በረዶው ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

በ2018 በረዶ አላዳነንም። ረቡዕ ነበር፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ልብስ ሲቀይሩ፣ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ ጨለመ። ስለዚህ ቅዳሴውና ፍስኩ በቀኑ፣ ጨዋታው ቅዳሜ ሆነ። አንዳንድ ዘመድ «ገና አልፎ ምን ገና ነው?» አለ። እኔ የበዓሉን ቀን አላዛወርኩም፤ ያዛወርኩት ዱላውን ነው። እንዲያውም ቅዳሜ ስለሆነ የጎረቤት ልጆች መጡና ዱላ አነሰን። መጥረጊያም ገባ።

ሩሩ አሁን ተተርትሯል። ወንዱ ልጄ ካባቱ መሳቢያ ካልሲ እየሰረቀ ነው። ከየጥንዱ አንዷን ብቻ።