አልቆምም ያለችው መኪና አልሄድም አለች

አባቴ ያወረሰን አንድ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለች። 45 ሲሪዝ የሚሏት፣ ድምጿ ድሬዳዋ ውስጥ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ሰፈር የሚሰማ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። ችግሯ አንድ ነው፤ መቆም አትወድም።

አራቱም ጎማዋ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡርን መናቅ አልፈልግም። ፍሬን ሲያዝ ሸራው ራሱ ከጎማው ጋር ወደሚዞረው ታምቡር እየተሳበ ስለሚጣበቅ ያለ ሰርቮም (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ዕቃ) እግር አያደክምም። ግን ሙቀትና ውሃ ይጠላል፣ እኛ ደግሞ የምንኖረው ድሬ ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ጭነት ይዘህ ስትወርድ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፣ ሸራው አልደርስ ይለዋል፣ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሸኝሃል። በክረምት ደቻቱ ወንዝን ተሻግረህ ስትወጣ ደግሞ ታምቡሩ ውስጥ ውሃ ይቀርና፣ ፍሬን ስትረግጥ መኪናዋ «እኔን ነው?» ትልሃለች።

ስለዚህ የፊቱን ወደ ዲስክ ላስቀይር ወሰንኩ። 60 ሲሪዝ የፊት ዲስክ አለው፣ ዘመዷም ስለሆነ ትንሽ ተለፍቶበት ይገጥማል። ከተገለበጠ መኪና የወረደ ዕቃ ተገኘ፤ ዲስኩ፣ እሱን ጨብጦ የሚያቆመው ካሊፐር፣ ሰርቮው ሁሉ።

መካኒኩ እጁ ወርቅ ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ። ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። ጠዋት እሱ የፈታውን ከሰዓት የሚገጥሙት ረዳቶቹ ናቸው፣ እነሱም አፋቸው ውስጥ ምን እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ገጥመው ጨረሱ። ከፍሬን መስመሩ አየር ማስወጣት ተጀመረ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ይከፍታል፣ አንዱ «ያዝ! ልቀቅ!» እያለ ያዛል። ፔዳሉ ግን ያው ስፖንጅ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ «የፍሬን ፓምፑ ሞቷል» አለ፣ ሌላው «ዘይቱ ፎርጅድ ነው»፣ አንድ አባት ደግሞ «ሽጣት አቦ!» ብለውኝ አለፉ።

ችግሩን ያገኘው ሻይ ያመጣው ልጅ ነው። ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበ አጎንብሶ አየና «ይሄ ማስወጫ ከላይ መሆን አልነበረበትም?» አለ። ዝምታ። የግራው ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ተገጥሟል። ማስወጫዎቹ ወደ መሬት ያያሉ። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እስከ ረመዳን ቢረገጥም አይወጣም ነበር። ተቀያየሩ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሞከርኳት። ስትቆም ግንባሬ መስታወቱን ሊስም ነበር። ደስታዬን አልነግራችሁም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሐረር ሰርግ ነበረን። ከኋላ ድስትና ምንጣፍ ተጫነ፣ አክስቴ የሰርጉን ጣፋጭ፣ ሐሉዋውን፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ገባች። መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ገደማ፤ ደንገጎ እስክትደርስ ዳገት ነው። መኪናዋ ከበደች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ከበዳት። አንደኛ አስገባሁ። የተጫነ ባጃጅ ቀደመን። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ እጃቸውን አውለበለቡልን።

«የማን ድስት ነው ያረረው?» አለች አክስቴ።

ድስት አይደለም። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ወርጄ ሳይ ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል። አክስቴ የሃይላንድ ውሃዋን ከፍታ ልታፈስበት ስትል ለጥቂት ደረስኩባት፤ የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። «ታዲያ ቆመን እናልቅስለት?» አለችኝ።

አንድ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ ገና መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገልን። ሹፌሩ ሸምገል ያለ ነው። ምንም ሳይጠይቀኝ ቁልፍ አውጥቶ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ትንሽ ላላ አደረጋት፣ ዘይቱ ፊጭ አለ፣ ጎማውም ተለቀቀ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና ከሰማያዊው የቀረችውን ወሰዳት።

«ፓምፑ የድሮው ነው አይደል?» አለኝ። ነው። ለካ የታምቡር ፓምፕ ውስጥ ትንሽ ቫልቭ አለች፣ እግርህን ስታነሳ እንኳ መስመሩ ላይ 10 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት የምታስቀር። ታምቡር ሸራውን የሚመልስ ስፕሪንግ ስላለው ችግር የለውም። ካሊፐር ግን እንደዚያ የሚጎትትለት ስፕሪንግ የለውም፣ በዚያች ግፊት ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል። በአማርኛ፣ ከድሬ ጀምሮ ፍሬን ይዘን ነው የወጣነው።

«እንግዲህ ፍሬን ከያዝክ ወርደህ ትከፍታለህ» ብሎ የፍሬን ዘይት ሰጥቶኝ ሄደ።

ሲቀዘቅዝላት ተነሳን። አዴሌን በሰላም አለፍን፣ ሐሮማያንም። አወዳይ ግን አወዳይ ነው። ጫት የተሸከመ፣ ጫት የሚያወርድ፣ ጫት የሚያራግፍ ፒካፕ፣ መሀል መንገድ ላይ የቆመች ፍየል። እኔ በአንደኛ ማርሽ እየተሳብኩ ከፍሬን ጋር እታገላለሁ። አክስቴ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ «ዞር በሉ አቦ! ይቺ ከቆመች አትነሳም!» ትላለች። ትራፊኩ እጁን አነሳ። «ልጄ በእናትህ፣ ሰርግ ላይ ነን!» አለችው። ልጁ ሐሉዋውንም እሷንም አየና እየሳቀ መንገዱን ከፈተልን። ሐረር ሸዋ በር ስንደርስ ሐሉዋው የጭኗን ቅርጽ ይዞ ነበር።

ማታ መካኒኩ ጋ ደወልኩ፣ ከነጭሱ አስረዳሁት።

«አልቆም አለች ብለህ መጣህ» አለኝ። «አቆምንልህ። አሁን ደግሞ አልሄድም አለች ትላለህ። አንተ ምንድነው የምትፈልገው አቦ?»

ድሬ ስመለስ የፊቱን መስመር ቫልቭ አወጣው፤ የኋላው ገና ታምቡር ስለሆነ የሱን ተወለት። የወጣችው ነገር የጣት ጥፍር የምታክል ላስቲክና ቀጭን ስፕሪንግ ናት። ስንት ነው ስለው ትንሽ አሰበና «ማቆሚያው ሌላ ሂሳብ ነው፣ መልቀቂያው ሌላ» አለኝ። አክስቴ ለመልሱ በሚኒባስ ነው የሄደችው።