ከፍሪጁ ጀርባ ያለችው ጉድ

የአዳማ ሙቀት ያው እንደምታውቁት ነው። እኔ ደግሞ እሁዴን በሙሉ መሰላል ላይ አሳለፍኩት።

የሳሎኑን መብራት በስልኬ ሳዘው አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ዝም። ቬንትሌተሩ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ብድግ ይላል። እማዬ "ማብሪያ ማጥፊያው ምን አደረገህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ዋይፋዩን ጠረጠርኩ። መብራቱና ቬንትሌተሩ ትእዛዝ የሚቀበሉት በዚግቢ ነው፤ የቤት ዕቃዎች ያለ ገመድ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ማለት ነው። ዚግቢም ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠሩ ሊረባበሹ ይችላሉ። ቻናል ቀየርኩ። ወይ ፍንክች!

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ከፍሪጁ ጀርባ ያለችው ስማርት ሶኬት እጄን ፈጀችኝ። ጠርዟ ቡናማ ሆኗል። ባለፈው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳትመታ አልቀረችም።

በዚግቢ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰኩት ዕቃዎች አብዛኞቹ የጎረቤታቸውን መልእክት ተቀብለው ያሳልፋሉ። በባትሪ የሚሠሩት ግን አያሳልፉም። ይቺ ጉድ ሙሉ በሙሉ ብትሞት ኖሮ ሌሎቹ ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር። እሷ ግን "አለሁ" እያለች የተቀበለችውን ትውጣለች። (እንዲህ ዓይነት ሰው መሥሪያ ቤትም አይጠፋም።)

ነቅዬ ጣልኳት። ትንሽ ቆይቶ ቬንትሌተሩ በአንድ ንክኪ ተነሣ።

እማዬ ግን መብራቱን አሁንም በእጇ ነው የምታበራው።