የውድነሽ በጣሙ ሐዘን

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ድንኳኑ ጥግ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከኋላዬ አንዷ «ገፊ ናቸው፣ ሁለት ባል ቀብረዋል» ብላ አንሾካሾከች።

ወዲያው ውድነሽ በጣሙ ትዝ አለችኝ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያለችው፣ የበዛብህ እናት። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት። ብዙ አንባቢ ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያለቅሳል። የኔን አንጀት የምትበላው ግን እሷ ናት። ሐዘኑ ሳያንሳት ጥፋቱም የሷ!

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ እግዜር ያጽናዎ» አልኳቸው። ስለ መጀመሪያው ባላቸው አጫወቱኝ። ሲያርሱ ያንጎራጉሩ ነበር አሉ፤ ዜማውንም ቀስ ብለው አሰሙኝ።

ልቦለዱን ያላነበባችሁ አንብቡት፤ ውድነሽ ገና ከመጀመሪያው አለች።