ድንኳን ይበቃን ነበር

ሚኒያፖሊስ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በረዶው መውረድ ሲጀምር ሁሌ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ኢዮና ፖታፖቭ። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኮቭ በ1886 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ልቦለድ ውስጥ ያለ የፒተርስበርግ ባለጋሪ ነው።

ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ ሊሞት ሲል ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደነበር ለአንድ ሰው መናገር። የጫነው መኮንን ጥቂት ጠየቀውና ዓይኑን ጨፈነ። ጎረምሶቹ ሰድበው ማጅራቱን መቱት። ማታ ማደሪያው ሲመለስ ውሃ ሊጠጣ ለነቃ ወጣት ባለጋሪ ሊነግረው ጀመረ። ወጣቱ ግን ተከናንቦ ተኛ። በመጨረሻ ኢዮና ጋጣ ገባና ሁሉንም ለባዝራው ነገራት።

የኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ለቅሶ ደራሽ የለውም እንዴ ነው። ድንኳኑስ? ንፍሮውስ? ሐዋሳ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጥያቄው ያው ነው። ምን አመመው? ምን አለ? ማን አጠገቡ ነበር? ኢዮና የተራበው ይህንን ነው።

መርዶ በወጉ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። የአባቴ ግን በስልክ ከአንድ ዘመድ አፍ አመለጠ። አየር ማረፊያ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ተራዬ ደረሰ። ተሳፋሪ ጫንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢዮና የኔ ሰው ነው ብዬ ያዝኩ።

ባለፈው ጥር ሐዋሳ ገባሁ። ታላቅ እህቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ከአገር ስወጣ የአጫጭር ልቦለዶች ፎቶ ኮፒ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝ እሷ ናት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቁጭ ብለን የዓሣ ሾርባ እየጠጣን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ እያየን፣ ስለ ኢዮና አወራኋት።

«ወንድሜ፣ አንተ ኢዮና አይደለህም» አለችኝ። «ማቲልድ ነህ።»

ማቲልድ ሉዋዜል የፈረንሳዊው ደራሲ የሞፓሳን ገጸ ባሕርይ ናት። እዚያው ፎቶ ኮፒ ውስጥ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ወድጃት አላውቅም። ለአንድ ምሽት ግብዣ ከጓደኛዋ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች፣ ይጠፋባታል። ማያያዣው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው ብላ ለጓደኛዋ ትጽፋለች። ከዚያ ከባሏ ጋር ተበድረው በ36,000 ፍራንክ የሚመስለውን ይገዙና ይመልሳሉ። አሥር ዓመት ዕዳ ይከፍላሉ። ሠራተኛዋን አሰናብታ፣ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ተከራይታ፣ ድስት ስትፈትግ፣ ውሃ ተሸክማ ፎቅ ስትወጣ ወጣትነቷ አለቀ። በኋላ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ስትነግራት፣ ሐብሉ ለካ አርቴፊሻል ነበር። ቢበዛ 500 ፍራንክ።

«ከኔ ጋር ምን አገናኛት?» አልኩ።

«የታናሻችን ሠርግ» አለች።

አሞራ ገደል ከመምጣታችን በፊት በነበረው ማታ ነበር የሠርጉን ጉድ የነገርኳት። ሠርጉ ሐይቁ ዳር ሆቴል ይሁን ሲባል 4,000 ዶላር ላክሁ። ያኔ መኪናዬ ተበላሽታ ሁለት ወር ሥራ ፈትቼ ነበር። ገንዘቡን ያወጣሁት ከክሬዲት ካርድ ነው። ወለዱ እየተከመረ ሦስት ዓመት ከፈልኩ። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት መጋዘን እየሠራሁ። ሲደውሉልኝ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ሰላም ነው እላለሁ።

«እማዬ እኮ የምትፈልገው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ነበር» አለች እህቴ። «ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ እንዲበላ። ሆቴል ያልነው አንተ እንዳታፍር ብለን ነው። አሜሪካ ወንድም እያለው ድንኳን ውስጥ ዳሩት እንዳይባል። ድንኳን ይበቃን ነበር።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ኢዮና ሰው አጣ። ማቲልድ ግን ሰው ነበራት። ጓደኛዋ እዚያው ፓሪስ ናት። ጠፋብኝ ብትላት ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ። አፏን የያዛት እኛ ይሉኝታ የምንለው ነው። እኔም ሰሚ አጣሁ እያልኩ ስብሰለሰል፣ እናቴ፣ እህቴና ወንድሜ በየእሁዱ ይደውሉልኝ ነበር። አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ለማቲልድ ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። ዕዳውን ጥላ አልሸሸችም። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈለች። ድሮ ሳነባት የታየኝ አጉል አምሮቷ ብቻ ነበር። አሁን የሻከረ እጇ ይታየኛል።

የአባቴን ነገር ግን እህቴም ለማቲልድ አልሰጠችብኝም። እሱ የኢዮና ነው። ሾርባዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

«አባዬ ያረፈ ለት አንተ የት ነበርክ? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ከአየር ማረፊያው ሰልፍ ጀመርኩላት። የጫንኩትን ሰው የት እንዳወረድኩት እንኳ ነገርኳት።