የእናቴን ሲኤ-125 ስንከታተል ማንም ያላስጠነቀቀን ነገር

እናቴ ለእንቁልጢ ካንሰር ቀዶ ሕክምናዋንና ኬሞዋን ስትጨርስ፣ ክትትሏ በአብዛኛው ሲኤ-125 በሚባለው ግላይኮፕሮቲን፣ ማለትም የስኳር ሰንሰለቶች በተያያዙበት ግዙፍ ፕሮቲን ላይ ተመሠረተ፤ መጠኑ በደም ይለካል፣ ካንሰሩ ሲመለስም ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ደም መስጠቱም ሆነ ውጤት መቀበሉ አላስቸገረንም፤ ቁጥሩ በየዙሩ እየወረደ፣ ከተለመደው ጣሪያ ከ35 ዩኒት በሚሊ ሊትር በታች ገብቶ 18 አካባቢ ረጋ።

መከራው የመጣው በለመድነው ላቦራቶሪ የመመርመሪያው ኪት አልቆ ወደ ሌላ ስንሄድ ነው። ልዩነት ይኖረው እንደሆነ ስጠይቅ የተቀበለችን ሠራተኛ «ያው ነው፣ እህቴ፤ የትም ቢሠራ አንድ ነው» አለችኝ። ውጤቱ 44 ሆኖ ወጣ። እናቴ ወረቀቱን አይታ በሽታው እንደተመለሰ ደመደመች፤ እህል መቅመስም ተወች። ሲቲ ስካን ታዘዘ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ፣ ምንም አልታየም። በመጨረሻ ሐኪሟ በአንድ ጊዜ የተቀዳ ደም ለሁለቱም ላቦራቶሪዎች እንዲላክ አዘዙ፤ ከቀድሞው 19፣ ከአዲሱ 43 መጣ። ለካ እያንዳንዱ የኪት አምራች ፕሮቲኑን ለመያዝ የሚጠቀምባቸው ፀረ እንግዳ አካላትና የማሽኑ አለካክ ስለሚለያዩ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ይህ በሙያው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የማሽኑ ስም በውጤቱ ላይ እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ «ፎርሙ ቦታ የለውም» መባሌ እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ላቦራቶሪ መቀየር ግድ ከሆነ፣ በተቻለ መጠን አንድ ደም በሁለቱም ይለካና አዲስ መነሻ ቁጥር ይያዝ። ጤነኛ ሴቶች ደግሞ «የካንሰር ቼክአፕ» ተብሎ በጥቅል የሚሸጠውን ምርመራ ባይገዙ እመርጣለሁ፤ ሲኤ-125 በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በጉበት በሽታና፣ በእኛ አገር ሊዘነጋ በማይገባው በሆድ ዕቃ ቲቢም ይጨምራል።

የቀጠሮ ካርዱ በየሦስት ወሩ ተለኪ ይላል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ትልቅ ጥናት ግን ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ ኬሞ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ እንደማያራዝም አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ መድኃኒቶች ስለመጡ ሐኪሞች በዚህ ይከራከራሉ፤ እኛ ግን ከሐኪሟ ጋር ተማክረን ምርመራውን አራርቀነዋል፣ የሆድ መነፋትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከታየ ግን ቀጠሮ አንጠብቅም። የማሽኑን ስም እኔው ጠይቄ፣ በየውጤቱ ጀርባ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።