ስቶር ኪፐር ፍለጋ የጻፍኩት ማስታወቂያ

የሕንፃ መሣሪያ አስመጥቶ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍሉን ይዣለሁ። ክፍሉ ማለት እኔው ነኝ። ሱቃችን መርካቶ፣ መጋዘናችን ቃሊቲ ሲሆን ሰው በጎደለ ቁጥር ማስታወቂያ የምጽፈውም፣ ሲቪ የማነበውም፣ ፈተና የማወጣውም እኔ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ስቶር ኪፐር ስንፈልግ ማስታወቂያውን እንዴት እንደቀየርነው ነው። እንደኔ ብቻውን ለሚታገል ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የመጋዘን ኃላፊያችን ሊለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፣ ሥራ አስኪያጁ ከፋይል ውስጥ ከዓመታት በፊት ለዚሁ መደብ የወጣ ማስታወቂያ አውጥቶ «ስልኩን ቀይረሽ ልቀቂው» አለኝ። ሁላችሁም በቃላችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው፦

«ድርጅታችን ከዚህ በታች በተገለጸው ክፍት የሥራ መደብ ላይ ብቁ ባለሙያ አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። የሥራ መደብ፦ ስቶር ኪፐር። ተፈላጊ ችሎታ፦ በሰፕላይስ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ ዲግሪ/ዲፕሎማ። ልምድ፦ 4/6 ዓመት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ብዛት፦ 1። መልቀቂያና አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል። አመልካቾች ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው መመዝገብ ይችላሉ።»

ይህ ማስታወቂያ ሰው አያጣም። ባለፈው ጊዜ ጠረጴዛ ሙሉ ሲቪ አምጥቶልናል፤ አብዛኛው አምና የተመረቀ፣ ሥራ ፍለጋ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ያየውን ሁሉ የሚሞክር ልጅ ነው። አይፈረድበትም። እኔ የምፈልገው ሰው ግን ሰሌዳ ሥር አልቆመም። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየቆጠረ ነው። ማስታወቂያውን የሚያየው ማታ ታክሲ ውስጥ ቴሌግራም ሲከፍት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር «ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ያደርጋል?» እያልኩ ማየት ጀመርኩ።

በዚህ ዓይን ሲታይ አሮጌው ማስታወቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ «አትምጣ» ይላል። በአካል ቅረብ ማለት ከአለቃህ ፈቃድ ጠይቅ ማለት ነው። ለምን ብሎ ይጠይቅ? እናቴን ላሳክም? መልቀቂያ አምጣ ማለት ደግሞ ቀጥረን ሳናበቃ ሥራህን ልቀቅ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ እኛም ከለቀቀው ሰውዬ የተቀበልነው ይህንኑ ነው። ከሌላው ድርጅት የሚመጣውን ግን ነገ ግባ እንላለን። ሁለቱንም አወጣኋቸው። በምትኩ «ማመልከቻና የማስረጃ ፎቶ በቴሌግራም ይላኩ፤ ዋናውን ለፈተና ሲመጡ ያሳዩናል። ሥራ ላይ ካሉ የማስጠንቀቂያ ጊዜዎን እስኪጨርሱ እንጠብቃለን» የሚል ገባ። ኋላ ያናገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያነሱልኝ ይህንን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነበር።

ቀጥሎ ቃሊቲ ሄጄ ከሚለቀው ሰውዬ ጋር ዋልኩ። የሥራ ዝርዝር የሚባለው ወረቀት ፋይል ውስጥ አለ፤ «የንብረት ገቢና ወጪ ይቆጣጠራል» ይላል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይነግርም። መጋዘኑ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። የሴራሚክ ካርቶን ሲራገፍ ጥግ ጥጉን በጣቱ እየነካ ያልፋል፤ የረጠበና የላላ ካርቶን ካገኘ ለብቻው ያስቀምጥና ሹፌሩ ፊት ይከፍታል። የተሰበረው ካልተመዘገበ ኋላ ከእሱ ደመወዝ ነው የሚጠየቀው። ፌሮ በቤርጋ (በዘንግ) ተቆጥሮ ይገባል፣ ሱቅ ግን በኪሎም ይሸጣል፤ ስለዚህ በወር መጨረሻ ቆጠራና ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) የማይገናኙት በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ከባድ መኪና ቀን ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ በመሆኑ ጭነት ብዙ ጊዜ ማታ ይገባል። ሰውዬው የለቀቀበት ምክንያትም በከፊል ይኸው የማታ ጭነት ነው፤ ሲቀጠር ማንም አልነገረውም።

ይህንን ማስታወቂያው ላይ እጽፋለሁ ስል ሥራ አስኪያጁ «ታስደነግጫቸዋለሽ» አለ። የሚደነግጠው አሁን ቢደነግጥ ይሻለኛል። አዋጁ የሙከራ ጊዜን ቢበዛ 60 የሥራ ቀን አድርጎታል፤ በዚያ መሃል ተበሳጭቶ የሚሄድ ሰው ርክክቡን ሁለቴ ያሠራናል፣ ቆጠራውንም ሁለቴ።

ትልቁ ጭቅጭቅ ደመወዙ ላይ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ደመወዝ አደባባይ ማውጣት አይወዱም። «ነባሮቹ ያዩታል፣ ጎረቤት ያየዋል» አሉ። ጋሼ፣ ነባሮቹማ ያውቁታል አልኳቸው፤ ስቶር ኪፐሩ ስንት እንደሚያገኝ የጫኝና አውራጅ ልጆች ሳይቀሩ ይነግሩኛል። «በስምምነት» የሚለውን ሰው በሁለት መንገድ ነው የሚያነበው፦ አንዱ ትንሽ ነው ማለት ነው ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ብዙ ይሆናል ብሎ ይመጣና ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ጨርሶ ቁጥሩን ሲሰማ «ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም የእኔን ጊዜ ይበላሉ። በመጨረሻ ፈቀዱ።

ከፈቀዱ በኋላ ያልተጣራውን ብቻ መጻፍ አልፈለግኩም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከመደቡ ደመወዝ፣ ከ15,000 ብር ላይ፣ 3,200 ብር ታክስ ይቆረጣል፤ 7 በመቶው ጡረታ 1,050 ብር ነው፤ እጅ የሚገባው 10,750 ይሆናል። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያነጻጽረው ከዚህኛው ቁጥር ጋር ነው፤ በወሩ መጨረሻ ባንክ የሚገባለትን እንጂ ፔሮል ላይ ያለውን አያስብም። ሁለቱንም ጻፍኳቸው። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ነባር ሠራተኞች ቢሮዬ መጥተው «የእኛስ?» ብለዋል። ዋጋ የለውም አልልም፤ የደመወዝ ጭማሪው ንግግር ከታሰበበት ቀደም ብሎ ተጀመረ። ለእኔ ግን እነሱም ባይሄዱብን ይሻላል።

ተያዥ ጉዳይም ነበር። ንብረት በስሙ ለሚረከብ ሰው ጋሼ ያለ ተያዥ አይቀጥሩም፤ ይህን ልለውጥ አልሞከርኩም። ግን «አስተማማኝ ተያዥ» ማለት ምን ማለት ነው? ከደሴ ወይም ከሆሳዕና መጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌለው ጎበዝ ሰው ይህን ሲያነብ ቤትና መኪና ያለው ሰው አምጣ የተባለ ይመስለዋል፤ እዚያው ይተወዋል። ስለዚህ ልኩን ጻፍኩት፦ ደመወዙ ከ15,000 ብር ያላነሰ አንድ ቋሚ ሠራተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር፤ የሚቀርበውም ሲያመለክቱ ሳይሆን ካለፉ በኋላ።

የትምህርቱን መስመር አላላሁት። የልምዱን ግን ጨርሶ ቀየርኩት። «4 ዓመት» የሚለው አራት ዓመት መጋዘን በር ላይ የተቀመጠውንና ሁለት ዓመት ንብረት በስሙ ይዞ የሠራውን አይለይም። እኔ የምፈልገው የኋለኛውን ነው፤ እንዲያው ጻፍኩት። በመጨረሻም ለማመልከቻው አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። ወጥቶ የተለጠፈው ይህ ነው፦

«ስቶር ኪፐር፣ ቃሊቲ። ደመወዝ 15,000 ብር (ታክስና ጡረታ ተቀንሶ 10,750)፤ ትራንስፖርት ለብቻው።
ሥራው፦ ፌሮ፣ ሴራሚክ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ፤ ቢን ካርድ በዕለቱ መሙላት፤ በየወሩ መጨረሻ ከሂሳብ ክፍል ጋር ቆጠራ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ማታ የሚገባ ጭነት አለ፤ ትርፍ ሰዓቱ በአዋጁ መሠረት ይከፈላል። መጋዘኑ አቧራ አለው።
የምንፈልገው፦ ንብረት በስሙ ተረክቦ ቢያንስ አንድ ዓመታዊ ቆጠራ ያለፈ ሰው፤ የትምህርት መስክ አይገድብም።
ከማመልከቻዎ ጋር ይህን ይመልሱ፦ ባለ 12 ፌሮ 200 ቤርጋ መጣ። ስንት ኩንታል ነው? እንዴት ያረጋግጣሉ?
በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ለማመልከት ምንም ክፍያ የለም።»

ከዚህ ሥር ስለ ቴሌግራሙ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜውና ስለ ተያዡ ያልኳችሁ፣ ከዚያ የመጨረሻው ቀን። «10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ጋዜጣ ላይ ያስኬዳል፤ ሪፖርተር የወጣበት ቀን ራሱ ላይ ተጽፏል። ቴሌግራም ላይ ግን አንዱ ቻናል ከሌላው እየቀዳ ሲያዞረው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ቀኑን በወርና በዓመተ ምሕረት ጻፉ። ሥራው፣ ቦታውና ደመወዙም የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁኑ፤ ሲዞር ከታች ያለው እየተቆረጠ ነው የሚሄደው። ክፍያ የለም የሚለውን የጨመርኩት ማስታወቂያ ቀድተው የራሳቸውን ስልክ አስገብተው «የምዝገባ» ገንዘብ የሚሰበስቡ ስላሉ ነው። መጋዘኑ በር ላይም በወረቀት ለጠፍነው፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች የከተማውን ስቶር ኪፐር ሁሉ ያውቁታል፤ ወሬው በእነሱ በኩል የደረሰው ሰው ቀላል አልነበረም።

የመጣው ማመልከቻ ከድሮው በጣም ያነሰ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ ደንግጦ «ይደገም» ብሏል። እኔ ደግሞ ሁሉንም አንድ ከሰዓት ላይ አንብቤ ጨረስኳቸው። የፌሮው ጥያቄ አበጥሮልኝ ነበር። ባለ 12 ፌሮ (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው) በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ አንዱ 10.66 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 200ው 21 ኩንታል ከ30 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ጥያቄውን ዘልለው ሲቪ ብቻ የላኩ ነበሩ፤ ሲቪ ቤት የተተየበ፣ ዓላማዬ በሚል የሚጀምር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ቁጥሩን በትክክል የመለሱ ነበሩ። አንዱ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በወረቀት 21 ኩንታል ነው። ባለ 12 ተብሎ ቀጠን ብሎ የሚመጣ ስላለ ግን መሃል መሃሉን በካሊፐር ለክቼ፣ መኪናውን ሙሉና ባዶ አስመዝኜ ነው የምፈርመው። ልዩነት ካለ ሹፌሩን አስፈርማለሁ።» ሳሪስ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ይሠራ ነበር። ዲፕሎማው በእንስሳት ጤና ነው። በአሮጌው ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ «በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የምትለው ሐረግ ላይ ይቀር ነበር። የማስጠንቀቂያ ጊዜውን እስኪጨርስ ጠበቅነው፤ በዚያ መሃል መጋዘኑን የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ይዛ ቆየች፤ ደስ አላላትም።

ከዚያ ወዲህ ካሸርም ሹፌርም በዚሁ መንገድ ቀጥረናል። የካሸሯ ላይ የድሮው ማስታወቂያ «ፆታ፦ ሴት፣ ዕድሜ፦ ከ20 እስከ 28፣ ቁመናዋ ያማረ» ይል ነበር። አዋጁ በፆታ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ እኔ ግን ሕጉን ከማንበቤ በፊትም አይዋጥልኝም ነበር። ሳጥኑ ማታ ሲዘጋ ብሩና ደረሰኙ መገጣጠሙን ቁመና አያግዘውም። ወጣ፤ በቦታው የቀኑ ሽያጭ መዝጊያ እንዴት እንደሚሠራ ተጻፈ። ለሹፌር ደግሞ ጽሑፍ ማሳጠር ነው ያለው፤ መንጃ ፈቃዱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መኪናው ምን እንደሆነ፣ ከከተማ ውጭ ሲያድር አበሉ ስንት እንደሆነ። ሌላ ነገር አይጠይቁም።

ያልቀናኝ የሽያጭ ሠራተኛው ነው። እዚያ ላይ ዋናው ገቢ ኮሚሽን ነው፤ ጋሼ ደግሞ መቶኛውን መጻፍ እስከ ዛሬ አልፈቀዱም፤ ደንበኞች ካዩት ቅናሽ ይጠይቁናል ባይ ናቸው። ነጥቡ ትንሽ እውነት አለው። ስለዚህ «ማራኪ ኮሚሽን» ብለን እንጽፋለን፤ «ማራኪ» ሲባል የሚመጣውም ያው ጠረጴዛ ሙሉ ሲቪ ነው። አሁን የሞከርኩት መቶኛውን ትቼ አንድ መካከለኛ ሻጭ ባለፈው ዓመት በጥሩ ወርና በደካማ ወር ያገኘውን ብር ሁለቱንም መጻፍ ነው። ወረቀቱ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስካሁን አልፈረሙበትም።